ሐሙስ ላይ የለጠፍኳት ወፍ

ውድ እትዬ ናምሂ፣

ነርሷ ስምሽን ጠርታ ካስገባችሽ ሃያ ደቂቃ አለፈ። እኔ እዚሁ ሞክፖ ከተማ፣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ። በሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቀና እላለሁ። ስትወጪ ፊትሽን እያየሁ ለመናገር ድፍረቱ እንደማይኖረኝ ስለማውቅ፣ አሁኑኑ ልናዘዝ።

ባለፈው ኅዳር ያን ሐሙስ አልረሳሁትም።

እኔ የምኖርበት ዴጆን ከተማ ያለው የደብተርና የቀለም ሱቅሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ስገባ "እርስዎ" ብልሽ፣ "አሮጊት አታድርጊኝ፤ አንቺ በይኝ" አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከሰዓት ቦታዬ ያንቺ ጠረጴዛ ሆነ። ነጠብጣብ ባለው ደብተር ላይ ሳምንቴን በሳጥን በሳጥን መከፋፈል ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ለሚሠራው ነጥብ፣ ላለቀው መስቀል፣ ወደ ሌላ ቀን ለሚተላለፈው ቀስት። ከዚያ ቀለሙ፣ ስዕሉ፣ ተለጣፊው። "ሳምንት አውሬ ነው፤ ካላሰርሽው ይበላሻል" ትይ ነበር። ባለቤቴ ጊሁን ግን "ይሄን ሁሉ ስትቀቢ ሥራው ባለቀ!" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ያ ሳምንት እንዴት ያለ እንደነበር ታስታውሺያለሽ። ሰኞ በምሠራበት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት የንጽሕና ቁጥጥር፣ ማክሰኞ የልጄ የጥርስ ቀጠሮ፣ ረቡዕ የታኅሣሥ ወር የምግብ ዝርዝር ማስረከቢያ፣ ቅዳሜ ደግሞ አማቴ ቤት ለብርዱ ወራት በጨውና በበርበሬ ለሚቦካው ኪምቺ የሚሆን ስልሳ ራስ ጎመን። እኔ ይህን ስጽፍ አንቺ መቀሶቹን እየደረደርሽ፣ ቀና ሳትዪ ነው የተናገርሽው።

"ሐሙስ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ የምርመራ ውጤቴን ይነግሩኛል። ሐኪሙ ቤተሰብ ይዘሽ ነይ አለኝ። ወንድሜ ሩቅ ነው… አንቺ ትመጫለሽ?"

"ምን ጥያቄ ነው እትዬ! እመጣለሁ እንጂ!"

እዚያው ፊትሽ ጻፍኩት። አንቺም የምሥራች ታመጣለች የምትባለውን ጥቁርና ነጭ ወፍ ከተለጣፊዎቹ መሃል መርጠሽ ሰጠሽኝ።

ቤቴ ገብቼ ገጹን ሳስጌጥ ሌሎቹ ቀኖች ጢም ብለው ሞልተዋል፤ ሐሙስ ላይ ያለችው ግን ያቺ አንድ መስመር ብቻ ናት። ዓይኔ ከእሷ አልላቀቅ አለ። እናቴን "ቤተሰብ ይዘሽ ነይ" ያሏት ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ቤተሰብ የተባልኩት እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ሐኪሙ ክፍል ውስጥ የሰማሁትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ላንቺም ጭምር። ወፏን አነሳሁና መስመሯ ላይ ለጠፍኳት። ጽሑፉ ጨርሶ እስኪሸፈን ጠርዟን በጥፍሬ ጫን ጫን አደረግኩት። "በቃሌ ይዤዋለሁ" አልኩ ለራሴ። ገጹ አማረ። ፎቶ አንስቼ ላኩልሽ፤ "እጅሽ ይባረክ" ብለሽ መለስሽልኝ።

ሐሙስ ዕለት ወጥ ቤት ቆሜ ሰዓቱን አየሁት። አራት ከሃያ ሆነ። አራት ተኩል ሆነ። የሾርባውን ሙቀት ለካሁ፤ ጻፍኩ፤ እንደገና ለካሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ደወልሽ።

"ቦራም፣ ደህና ነሽ?"

"ወይኔ እትዬ! ዛሬ ሐሙስ ነው ለካ! ረስቼው!"

"አይዞሽ፣ ሥራ በዝቶብሽ ነው።"

"ምን አሉሽ?"

"አንዱ ጡትሽ ይወጣል አሉኝ። በይ፣ ጎመኑ ላይ ጨው እንዳታበዢ።"

አይዞሽ መባል የነበረበት ማን ነበር?

በታኅሣሥ ሱቁን ዘግተሽ እዚህ ሞክፖ ወንድምሽ ጋ መጣሽ። አልሸኘሁሽም። "እትዬ ናምሂ ጋ መደወል" ብዬ ጽፌ፣ በየሳምንቱ ቀስት እያደረግኩ አራት ወር ሙሉ ገፋሁት።

ባለፈው ሳምንት እራት ላይ ለጊሁን እውነቱን ነገርኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ያን ገጽ በፎቶ ልከሽላት አልነበር?"

"ልኬላታለሁ።"

"እንግዲያማ ታውቃለች። ቀጠሮዋን በወፏ እንደሸፈንሽው አይታለች።"

 ለካ "ሥራ በዝቶብሽ ነው" ያልሽኝ እያወቅሽ ኖሯል!

በነጋታው ወንድምሽ ጋ ደወልኩ። "ከሕክምናው በኋላ ያለውን ውጤት ማክሰኞ ይነግሯታል። እኔ መርከብ ላይ ነኝ፤ ብቻዋን ነው የምትሄደው" አለኝ። ፈቃድ ጠየቅኩና ዛሬ በመጀመሪያው ባቡር መጣሁ። የሆስፒታሉ በር ላይ፣ ብታልፊኝስ፣ ሂጂ ብትዪኝስ እያልኩ ጠበቅኩሽ። የሱፍ ቆብሽን አድርገሽ፣ ከስተሽ፣ ቀስ እያልሽ መጣሽ።

"እትዬ፣ እኔ…"

"ቁርስ በልተሻል?"

"አልበላሁም።"

"ሞኝ!" አልሽኝ። ስምሽ ሲጠራ ዞር ብለሽ "በይ ቦርሳዬን ያዢልኝ" ብለሽ ገባሽ።

እትዬ፣ እዚያ ውስጥ ምን እንደሚሉሽ አላውቅም።  "አብረን እንግባ" ልልሽ ይገባ ነበር፤ አሁንም ቃሉ አፌ ላይ ቀረ። ነርሷ እንደገና ብቅ ካለች ግን "ቤተሰብ ነኝ" ብዬ እገባለሁ። ብትቆጪኝም እገባለሁ። ደብዳቤውን ቦርሳሽ ውስጥ ከመነጽርሽ ጎን አስቀምጠዋለሁ፤ ቤት ስትደርሺ፣ ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው።

ይቅር በይኝ፣

ቦርሳሽን ጭኗ ላይ አድርጋ የምትጠብቅሽ ቦራም