ስላልጎረስነው ዓሣ እና ስለቀረችብን ጀልባ

ለክቡር የ«ብሩህ ዳርቻ» የበጎ አገልግሎት ክበብ ፕሬዝዳንት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ የጣና ነፋስ ለጤናዎ ተስማምቶ፣ ከነቤተሰብዎ፣ ከነክበብዎ አባላትና ከነፎቶ አንሺዎ በደህና እንደሰነበቱ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ «ይመስገን» እያልሁ አለሁ። ስሜ ባምላክ ይባላል፤ ባሕር ዳር ከተማ የሰው ባጃጅ እየነዳሁ የምኖር ሰው ነኝ። አቅም የሌላቸው ቤተሰቦች በነፃ እንዲያርፉበት ሐይቁ ዳር ባሠራችሁት ቤት፣ ባለፈው ፍልሰታ ከባለቤቴ ከወለተ ሩፋኤልና ከልጄ ከርሆቦት ጋር አንድ ሳምንት አስተናግዳችሁናል። ለዚህ ሁሉ ውለታ ምስጋናዬን ሳላቀርብ መዘግየቴ ነውር ነውና አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሐዘን ላይ ነበርሁ።

አንደኛ፣ ስለ አልጋው አመሰግናለሁ። ይህን ስል ቀልዴን አይደለም። ባለቤቴ ኩላሊቷ ከደከመ ወዲህ ሌሊቱን ሙሉ ሳትነቃ ያደረችው እዚያ ቤት ነው። ርሆቦትም አንሶላውን እያሸተተች ሀብታም ሆነን እንደሆነ ጠይቃኛለች። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይላሉ፤ እናንተ ግን እስከ ሳምንቱ መገባደጃ ድረስ በወርቅነታችን አቆይታችሁናል።

ሁለተኛ፣ ስለ ጀልባዋ። ፍልሰታ በሚፈታበት ዕለት ማለዳ፣ በክበቡ የሞተር ጀልባ ወደ ደቅ ደሴት እንደምትወስዱን ስትነግሩን ባለቤቴ የደስታ ለቅሶ አለቀሰች። ደቅ ተወልዳ ያደገችባት፣ አባቷ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ያስተማሩባትና የተቀበሩባት ምድር ናት። የሕዝቡ ጀልባ ከእህል ጆንያ ጋር ተጨናንቀው ረጅም ሰዓት የሚጓዙበት ስለሆነ ለሕመሟ አይሆንም፤ ከታመመች ወዲህ አልተሻገረችም። ሐኪሞቹ ቁርጡን ነግረውን ነበር። እሷም የቀራት ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ ክርስትና በተነሣችበት ደብር ቆርባ መሞት። የንስሐ አባቷ ሕመምተኛ ነሽና ፆሙ ይቅርብሽ ቢሏትም፣ ለዚያች ማለዳ ስትል እምቢ ብላ ፆመች።

ሦስተኛ፣ ስለ ዓሣው። በዋዜማው ለጋሾቻችሁ ከአዲስ አበባ ሲመጡ፣ ፆም መሆኑን አስባችሁ፣ ሥጋውን ትታችሁ ዓሣ ጠበሳችሁልን። እግዜር ይስጥልን፣ ማሰባችሁስ አይካድም! በከተማው ዓሣ የፆም ነው የሚል ሞልቷል፤ መሪጌታ ቤት ላደገች የደቅ ልጅ ግን፣ ዙሪያዋን ዓሣ ከቧት ብታድግም፣ በፍልሰታ እሱን መቅመስ ፆም መግደፍ ነው። እርስዎ ደግሞ ካሜራው ፊት ቆመው፣ እሾሁን በጣትዎ ለቅመው፣ በእንጀራ ጠቅልለው ወደ አፏ ዘረጉ። ጉርሻ መመለስ እንኳን እንደርስዎ ላለ ትልቅ ሰው፣ ለእኩያም ነውር መሆኑን ባለቤቴ አጥታው አይደለም። ከወንበሯ ተነሥታ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ አፏን ዘጋች። እኔ ምክንያቱን ላስረዳ ስንተባተብ ፎቶ አንሺው ብልጭ አደረገ።

ከምሳው በኋላ የክበባችሁ አስተባባሪ መጥታ፣ እንግዶቹ ቅር መሰኘታቸውን፣ እርስዎም ሰው ፊት ማፈርዎን፣ ስለዚህ በጀልባዋ ላይ የነበረን ቦታ ለለጋሾቹ መሰጠቱን በትሕትና ነገረችን። ዓሣ እኮ የፆም ነው፣ ምን አስከፋችሁ ብላም ጠየቀችን። ክቡር ሆይ፣ ባለቤቴ ዓሣውን ያልበላችው ለጀልባዋ ብላ ነበር፤ እናንተ ጀልባዋን የነፈጋችኋት ዓሣውን አልበላችም ብላችሁ ነው። ይህን ለአስተባባሪዋ ባስረዳት፣ ለሚቀጥለው ዓመት እንድናመለክት መከረችኝ። እኔ ልጮህ ስል ወለተ ሩፋኤል እጄን ያዘችኝ።

በማግስቱ ነጠላዋን ለቅዳሴ እንደምትሄድ አጣፍታ፣ ሣሩ ላይ ተቀምጣ፣ ጀልባዋ ከዓይኗ እስክትሰወር አየቻት። አልረገመቻችሁም፤ እንዲያውም ማዕበል እንዳይነሣባችሁ ስትጸልይ ሰምቻታለሁ። እኔ ረግሜያችኋለሁ፤ አልዋሽም።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ አልቻልሁም። ወለተ ሩፋኤል በጥቅምት አረፈች። የቀበርናት እዚሁ ባሕር ዳር ነው፣ ከአባቷ ርቃ። አንጀቴ አሯል፣ ክቡር ሆይ። ጀልባዋን መልሱልኝ አልልም፤ የሚሻገርባት የለም። የምለምንዎ ለመጪው ፍልሰታ ለምትጋብዙት ቤተሰብ ነው፤ ሽሮ ይበቃዋል፤ ከማጉረስዎ በፊትም ምን እንደሚበላ ይጠይቁት።

ደግነትዎን ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ሳወራ የምኖር፣ በፊትዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ባምላክ
የባጃጅ ሹፌር፣ የወለተ ሩፋኤል ባል

ሳልረሳው፦ ያ ፎቶ «ተስፋን እናጎርሳለን» ከሚል ጽሑፍ ጋር አደባባዩ ላይ በትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ እኔም በየቀኑ ከሥሩ አልፋለሁ። አውርዱልን ልል ብዕር ካነሣሁ በኋላ ሐሳቤን ለወጥሁ። እንዲህ ጥርት ያለ የእሷ ፎቶ ቤታችን ውስጥ የለም፤ ርሆቦትም ትምህርት ቤት ሳደርሳት ከባጃጁ አንገቷን አውጥታ እናቷን በእጇ ትስማለች። ስለዚህ አደራዎን፣ እንዳያስወርዱት። ፀሐይና ዝናብ ማደብዘዙ ካልቀረ ግን፣ ከእርስዎ እጅ እንዲጀምር እኔና ልጄ እንጸልያለን።