ተሸፍኖ የመጣው ሶፋ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለየምሥራች፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ያመኝ ጀመር ያልሽው ወገብሽስ ተሻለሽ? እንቅልፍ ታገኛለሽ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ጉልበቷ ከብርዱ ጋር እንደ ልማዱ ከመጣላቱና ከአንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ናት። የዘንድሮው ውርጭ ቀድሞ ወረደና ባቄላውን መታው፤ ገብሱ ግን ደርሶ ስለነበር አመለጠ። ይህን የምጽፍልሽ ሱቄ ውስጥ የሱፍ ባና ክምር ላይ ተቀምጬ ነው። አጠገቤ ሶፋ እያለ ለምን ባና ላይ እንደተቀመጥኩ ወደ ታች ስታነቢ ትደርሺበታለሽ።

በእየሩስ እጅ የላክሽው ደብዳቤና ከመጽሔት የቀደድሽው የሶፋ ሥዕል ደርሶኛል። እየሩስ ከቤይሩት ስትመለስ ወፍራለች፤ አንቺ ግን ከስተሻል አለችን። ለእማዬ ደብዳቤውን ሳነብላት አንድ ቦታ ዘለልኩ። አምስት ዓመት ሙሉ የእመቤቴን ሶፋዎች ስጠርግ አንድ ቀን ተቀምጬባቸው አላውቅም፣ ለእማዬ እንዲህ ያለ ግዛላት፣ ስመጣ አጠገቧ እቀመጥበታለሁ ያልሽውን ማንበብ አልቻልኩም። የቤቱ ዕቃ እስኪሟላ ሁለት ዓመት ኮንትራት ልጨምር ነው ያልሽውን ግን አነበብኩላት። በጎቹን ልቁጠር ብላ ወጣች። በጎቹ ግን ገና ከመስክ አልገቡም ነበር።

ሥዕሉን በኪሴ ይዤ መፈለግ ጀመርኩ። ማታ ማታ የውሎ ማስታወሻ እንደምጽፍ ታውቂያለሽ። በዚያ ሰሞን የጻፍኩትን አሁን ሳየው ከሱፍና ከቆዳ ይልቅ የመቀመጫ ወሬ ይበዛዋል። መጀመሪያ የሄድኩት ዘመሮ ከተማ፣ የቀኛዝማች ወልደ ጻድቅ ባለቤት የነበሩት ወይዘሮ ይታይሽ ዘንድ ነው። ከወይራ የተጠረበ፣ በጠፍር የተወጠረ፣ ክንዱ ላይ መስቀል የተቀረጸበት አግዳሚ አላቸው፤ ከአያታቸው የወረደ ነው ይላሉ። ጎንበስ ብዬ እግሩን ስነካ፣ ጠፍሩን ስጫን ሲያዩኝ፣ አንተ ነጋዴ፣ የባሌን መቀመጫ እንደ ሙክት ዳሌውን ትዳብሳለህ ወይ ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ደግሞ ሳቃቸውን ትተው፣ ውሰደው ልጄ፣ ልጆቼ አንዱ አዋሳ አንዱ ጅዳ ነው፤ እኔ እንደሆነ መቀመጫ ሞልቶኝ ተቀማጭ ነው ያጣሁት አሉኝ። እንጨቱ ሌላ መቶ ዓመት ይኖራል። መደገፊያ ግን የለውም፤ ለእማዬ ወገብ አይሆንም ብዬ አመስግኜ ተውኩት።

ደብረ ብርሃን ወርጄ አዲሱን አየሁ። ከሥዕልሽ ጋር ቁርጥ አንድ ነው፤ ቀዩ ከፋይ፣ ድቡልቡል ክንዱ፣ ወርቃማ ክሩ። እኔ በግ ስገዛ ከጸጉሩ በፊት ጥርሱን ነው የማየው። ገልብጡልኝ አልኳቸው። ሻጩ፣ ሰው የሚቀመጠው ከላይ ነው እንጂ ከታች አይደለም ብሎ ተቆጣ። ብቻ ገለበጠልኝ። ከከፋዩ ሥር የሣጥን እንጨትና ካርቶን ነበር። የእኛ ቤት ጭስና እርጥበት ሁለት ክረምት አያቆየውም።

በመጨረሻ ያገኘሁት እዚያው ደብረ ብርሃን፣ ጋሽ ገብረየሱስ የሚባሉ አሮጌ ሶፋ እያደሱ የሚሸጡ ሰው ጋ ነው። ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ ሆቴል ውስጥ የኖረ የዋንዛ ሶፋ አወጡልኝ። ስንት ሹም ተቀምጦበት፣ ስንት ሹም ተነሥቶበታል፤ እሱ ግን እግሩ አልተነቃነቀም አሉኝ። ሞላውን አጥብቀው፣ ስፖንጁን ቀይረው፣ ሥዕልሽን አሳይቻቸው ልክ እንደዚያ ባለ ቀይ ከፋይ አለበሱት። አካሉ የድሮ፣ ልብሱ የአሁን ሆነ። አንቺ ባትወጂውስ ብዬ ሳስብ ነበር፤ ግን ተቀምጬ ሞከርኩትና እንኳን እማዬ እኔም መነሣት ከበደኝ።

አሁን የምጽፈውን ባለቤቴ መስታወት አትጻፍላት ብላኛለች። እኔ ግን ማወቅ አለብሽ ብዬ ነው። ሶፋውን አይሱዙ ላይ ጭኜ እስከ መኪናው መንገድ መጨረሻ አመጣሁት። ከዚያ እስከ እማዬ ቤት ያለውን ዳገት መኪና እንደማይወጣው ታውቂያለሽ። ስምንት ጎረምሳ አሰባሰብኩ፣ ሁለት ረጃጅም ባሕር ዛፍ ከሥሩ አስገብተን በትከሻ ተሸከምነው። አቧራ ከፋዩን እንዳያበላሸው ከላይ እስከ ታች በነጭ አቡጀዲ ሸፈንኩት። ርዝመቱን ለክቻለሁ፣ በሩን ለክቻለሁ፣ የሚቆምበትን ቦታ ለክቻለሁ። ስምንት ሰው ነጭ የለበሰ ረጅም ነገር ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ምን እንደሚመስል ግን አላሰብኩም።

እማዬ ደጅ ገብስ እያሰጣች ነበር። ከታች ስታየን ወንፊቱን ጣለች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ወገቧ ላይ አሰረች። ሴቶቹ ይህን ሲያዩ ከየቤቱ እየወጡ ወዮ ማለት ጀመሩ። ሰው አገር የሞተ ልጅ እንዴት እንደሚመጣ በዚህ ሁለት ዓመት አይተዋል። እኔ የሚያለቅሱት ለጎረቤት መስሎኝ ነበር። የአንቺን ስም ሲጠሩ ስሰማ ነው የገባኝ። ሶፋ ነው፣ ሶፋ ነው እያልኩ ዳገቱን ሮጥኩ። ማን ይስማኝ! እማዬ በጉልበቷ ሳይሆን በምን እንደሆነ እንጃ፣ ቁልቁል መጥታ አጠገቤ አልፋ ሄደች። አቡጀዲውን በሁለት እጇ ገለጠችው። ቀዩን ከፋይ ዳሰሰችው፣ አንዴ በጥፊ መታችው፣ ከዚያ መንገዱ ላይ ተቀመጠች።

ሸክሙን አውርደን አጠገቧ ቆምን። ለሶፋው ቦታ የእማዬን የጭቃ መደብ ሊያፈርስልኝ ዶማውን ይዞ የመጣው ግንበኛው ኪዳነ ወልድ ነው ቀድሞ የተናገረው። እንግዲህ ለሶፋው በወጉ አልቅሰንለታል፣ ንፍሮውን አቅርቡልን አለ። እማዬ ራሷ ሳቀች፤ እየሳቀችም እንባዋ አልቆመም። ሴቶቹ ገብሱን ሰብስበው ደግፈው አስገቧት።

ቤት ስንገባ ግን ዶማውን አየችው። ሶፋው የሚቆመው የግድግዳው መደብ ፈርሶ ነው፤ ሌላ ቦታ የለም። ያንን መደብ አምስት ዓመት ሙሉ ለእንቁጣጣሽ ማንንም አላስለቀለቀችም። መስታወት ጭቃና እበት ይዛ ስትመጣ በየዓመቱ ሰበብ እየፈለገች ትመልሳታለች። ተሰነጣጥቋል፣ ጥጉም ተሸርፏል። እርጅና ነው ብለን ነበር። ለካ ልትሄጂ ሰሞን የለቀለቅሽው አንቺ ነሽ። በፊት ለፊቱ በኩል በአምስት ጣትሽ እየተጫንሽ ያወጣሽው ጌጥ ዛሬም አለ። ታስታውሺው እንደሆን አላውቅም። እማዬ ከመደቡ ፊት ቆመችና፣ ይህን የሠራችው መጥታ ራሷ ታፍርሰው፤ ያኔ ሶፋህን ከፈለግህ በመስኮት አስገባው አለችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ መዳፏን ከጣትሽ አሻራ ላይ አሳረፈችው። እያየኋት እንደሆነ አላወቀችም። ሁልጊዜ የምታደርገው ነገር መሆኑ ያስታውቃል።

ኪዳነ ወልድ ዶማውን ደጅ አወጣው። ከመደቡ አጠገብ ግድግዳው ላይ የእንጨት መያዣ ተከለላት፤ አሁን እሱን ይዛ ራሷ ትነሣለች። የጉልበቷን ነገር በዚህ አቃለልነው። ሶፋው በመጣበት መንገድ ተመልሶ ሱቄ ውስጥ እንደተሸፈነ ነው። ገዥ ጠይቆኝ ነበር፤ የሰው ነው አልኩት። ልጆቹም አይወጡበትም፣ እኔም ባና ላይ ነኝ። እዚህ ከመጣ ወዲህ የመጀመሪያዋ ተቀማጭ አንቺ እንድትሆኚ እፈልጋለሁ።

እህቴ፣ እኔ በስሜት የምናገር ሰው እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ። ነገሩን አገላብጬ አይቼ ነው የምልሽ። ኮንትራቱን አትጨምሪ። ቤቱ ዕቃ አልጎደለውም፤ የሚጎድለውንም እኔ አሟላለሁ። እማዬ ሁለት ዓመት ትጠብቃለች፣ አቅም አላት። ነገር ግን ዳገቱን ነጭ ነገር በወጣ ቁጥር ነጠላዋን ልታስር ነው። እኔ ያን ሁለተኛ ማየት አልፈልግም። ምላሽሽን ለእየሩስ በስልክ ብትነግሪያት ታደርስልኛለች።

መስታወት ስለጻፍኩት ሁሉ ተቆጥታም በጣም ሰላም ትልሻለች። ማሙሽ አክስቴ ሶፋው ላይ መዝለል ትፈቅዳለች ወይ ብለህ ጠይቅልኝ ብሎኛል፤ በፊደል ሁለተኛ ወጥቷል፣ እሱንም ጻፍልኝ አለ። ኪዳነ ወልድ ስትመጪ ንፍሮ ሳይሆን ጠላ ነው የምጠብቀው ብሎሻል። ወይዘሮ ይታይሽ ባያውቁሽም የእናትሽን ታሪክ ሰምተው ጸልዬላታለሁ በላት ብለውኛል።

እማዬን ምን ልበልልሽ ብዬ ወረቀቱን ይዤ ጠየቅኋት። መዳፏን ወረቀቱ ላይ ዘርግታ፣ ዙሪያውን አስምርልኝ አለች። በጀርባው ያለው ሥዕል የእጇ ልክ ነው። ትንሿ ጣት የጎበጠችው እስክሪብቶው ስቶብኝ አይደለም፤ ከሄድሽ ወዲህ እንደዚያ ሆናለች። እጅሽን አስቀምጪበት ብላሻለች።

ወንድምሽ እምሩ
መሐል ሜዳ
ኅዳር 27 ቀን 1997 ዓ.ም.