ከዕረፍት በኋላ ለደረሰው የሥነ ምግባር ኮሚቴ

ለተከበራችሁ የቤተ ክርስቲያናችን የአገልግሎትና ሥነ ምግባር ኮሚቴ አባላት፣
በተለይም ለሰብሳቢው ለጋሽ ማንደፍሮ
ኦክላንድ

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበታችሁልኝ? የጋሽ ማንደፍሮ ጉልበት፣ የወንድም ሚልክያስ ደም ግፊት፣ የእትዬ ያለምዘውድ ወገብ ሁሉም ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። ባለፈው ወር ለእኔ ነፍስ ተጨንቃችሁ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ በዚያ በኤይት ኤይቲ አውራ ጎዳና ትራፊክ ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ መምጣታችሁን ሳስበው፣ ስንት ሰው ሆስፒታል ተኝቶ ጠያቂ ባጣበት አገር እኔ ጤነኛዋ በአንድ ቀን ሦስት ጠያቂ በማግኘቴ እፍረት ይይዘኛል። ጌታ ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ።

መልሴን በግልጽ የምጽፈው ላዋርዳችሁ ፈልጌ አይደለም። ከመዘምራን የታገድኩበት ውሳኔ በማስታወቂያ ሰዓት፣ በመኪና ማቆሚያው ጉዳይና በሚቀጥለው እሁድ የምግብ ተራ መካከል ገብቶ ለምእመኑ ሁሉ ስለተነበበ፣ እኔ መልሱን በፖስታ አሽጌ ብልክ የእናንተን ግልጽነት ማሳነስ መስሎ ስለታየኝ ብቻ ነው።

በዕለቱ ላልነበራችሁ ወገኖች፣ ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ አይናዲስ የአምሳ አራት ዓመት ሴት ነኝ፤ ሳን ሊያንድሮ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ ደም እቀዳለሁ፤ በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ሃያ አንድ ዓመት ዘምሬአለሁ። ካለፈው የጸደይ ወራት ጀምሮ ደግሞ ሳን ሆዜ ያለ አንድ የቴአትር ቡድን በሚያሳየው ሮክ ሙዚቃል ውስጥ ከአጃቢዎቹ አንዷ ሆኜ እዘፍናለሁ። ሥራው የዚህ አገር ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው፣ ጊታርና ከበሮ የሚጮህበት የድሮ ሥራ ነው፤ ታሪኩም ልጆቿን ወደ ጦርነት የላከች የአንዲት የወንዝ ዳር ከተማ ታሪክ ነው። በመጀመሪያው ክፍል እናቶቹ ይጸልያሉ፣ በሁለተኛው ሬሳ ይመጣል፣ እናቶቹም ከሰማይ ጋር ይጣላሉ፤ መጨረሻ ላይ አንድ ልጅ በሕይወት ይመለሳል። እኔ ከእናቶቹ አንዷ ነኝ።

ደብዳቤያችሁ አራት ጥፋት ቆጥሮልኛል፤ እኔም በእናንተው አቆጣጠር እመልሳለሁ።

አንደኛ፣ «ከዓለም ጋር ዘፍናለች»። አልክድም፣ ዘፍኛለሁ። ነገር ግን እንዴት እንደገባሁ ማንም ስላልጠየቀኝ ሳትጠይቁኝ ልንገራችሁ። ድምፃቸው የሚሰማ፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ ሴቶች እንደሚፈለጉ የሥራ ባልደረባዬ ነግራኝ ለፈተና ስሄድ፣ ከምታውቂው ዜማ ለአንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ዝፈኚ ተባልኩ። እኔ የማውቀው መዝሙር ነው፤ መዝሙር ደግሞ በእኛ ቤት አዝማቹ ሦስት ጊዜ ካልተደገመ አለቀ አይባልም። ዓይኔን ጨፍኜ ሁሉንም ስንኝ ከነድግግሞሹ ተወጣሁት። ዓይኔን ስገልጥ አዘጋጇ ዴብራ ብዕሯን አስቀምጣ፣ አንድም የአማርኛ ቃል ሳታውቅ አዝማቹን አብራኝ ትል ነበር። በየዓመቱ ሌክ ሜሪት ሐይቅ ዳር በራሪ ወረቀት ስናድል ቆመው የሚሰሙንን ሰዎች ቁጥር የሚያውቅ ኮሚቴ ይህን ነገር በደስታ ይቀበለዋል ብዬ ነበር።

ሁለተኛ፣ «ለክርስቲያን ሴት የማይገባ ልብስ ለብሳለች»። የተባለው ልብስ ቤልቦተም ሱሪ ነው፤ ከወገብ እስከ መሬት ይሸፍናል፣ እግሩም ከመስፋቱ የተነሣ ሁለት ሰው ያስጠልላል። ጋሽ ማንደፍሮ፣ በእርስዎ ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ እርስዎ በወጣትነትዎ አፍሮዎን አበጥረው ፒያሳ የተነሱት ፎቶግራፍ እንደተሰቀለ ለጸሎት የመጣ ሁሉ ያውቃል። እዚያ ላይ ያለው ሱሪ ከእኔው በአንድ ስንዝር ይሰፋል፤ እግዜር ይመስገን፣ እርስዎም ከዚያ ሱሪ በኋላ ሽማግሌ ለመሆን በቅተዋል።

ሦስተኛው የከበደው ነው፦ «በአደባባይ ፈጣሪን ተዳፍራለች»። እዚህ ላይ ቀስ ብዬ እንድሄድ ይፈቀድልኝ። ሪፖርታችሁ ትርዒቱን «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጥሞና» እንደተከታተላችሁ ይናገራል። ትርዒቱ የተጀመረው ልክ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። እናንተ የገባችሁት ከዕረፍት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ፣ አስተናጋጇ በባትሪ እየመራቻችሁ ነው፤ ስድስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ አስነሥታችሁ ስታልፉ ከመድረክ ሆኜ አይቻችኋለሁ። በመዘግየታችሁ አልወቅሳችሁም። የዚያን ዕለት የቤተ ክርስቲያናችን ማስታወቂያ ብቻ ሃምሳ ደቂቃ ፈጅቷል፤ እኔም መዝሙሩ እንዳለቀ በጓሮ በር ሾልኬ ባልወጣ ኖሮ አብሬያችሁ በባትሪ በገባሁ ነበር። እንዲህ ሆኖ ያመለጣችሁ ግን ያው ጸሎቱ ነው። በመጀመሪያው ክፍል እኛ እናቶቹ በጉልበታችን ተንበርክከን የልጆቻችንን ስም አንድ በአንድ እየጠራን እንለምናለን፤ አዳራሹ ውስጥ የሚያስል ሰው እንኳ አይኖርም። ያን ሳትሰሙ ሬሳው ከመጣ በኋላ «የት ነበርክ?» ብዬ ስጮህ ብቻ ደረሳችሁ፣ እሱንም ጻፋችሁት።

ስለዚሁ ጉዳይ አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት እህታችን ወንድ ልጇን በመኪና አደጋ ያጣች ዕለት፣ ስሟን አልጠራም፣ ደረቷን እየመታች ያችኑ ቃል ወደ ሰማይ ስትጮህ ሁላችንም እዚያው ነበርን። ጋሽ ማንደፍሮ እጇን ይዘው አብረዋት አለቀሱ እንጂ በማግሥቱ የእግድ ደብዳቤ አልጻፉላትም። እኔ መድረክ ላይ ስቆም የማስባት እሷን ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ እናንተ ከአፌ አስወጣችሁት።

አራተኛ፣ «ለጌታ ብቻ የሚገባውን እልልታ በዓለም መድረክ ላይ አዋርዳለች»። ይህን አንቀጽ ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ይቅር በሉኝ። ልምምድ ላይ ዴብራ፣ ሞተ የተባለ ልጅ በበር ሲገባ በአገራችሁ እናት ምን ታደርጋለች ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም አሳየኋት፤ ከበሮ መቺው ዱላው ከእጁ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ልጁ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሲገባ እልል እላለሁ። እናንተ በመጣችሁበት እሁድም አልኩ። እኔ ትንፋሽ ስወስድ ግን ከስድስተኛው ረድፍ መልስ መጣ። ረጅም፣ ሳይቆራረጥ የሚወርድ፣ ከዳሊ ሲቲ እስከ ሳን ሆዜ ቢፈለግ ከአንዲት ሴት በቀር ማንም የማያወጣው እልልታ። እትዬ ያለምዘውድ ተነሥተው ቆመዋል፤ ወንድም ሚልክያስ ያጨበጭባል፤ ጋሽ ማንደፍሮ «አሜን!» ሲሉ ድምፃቸው ጊታሩን አለፈው። ተመልካቹ የትርዒቱ ክፍል መስሎት ወደ እናንተ ዞሮ አጨበጨበ። ሪፖርቱ ግን «በታላቅ ኀዘን አንገታችንን ደፍተን ተቀምጠን ነበር» ይላል። እትዬ፣ ይህን የጻፍኩት ላሳፍርዎ አይደለም። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ እንደዚያች ደቂቃ ወድጄዎት አላውቅም፤ ፊርማዎን ከደብዳቤው ግርጌ ሳየው ሆድ የባሰኝም ለዚሁ ነው።

ከአራቱ ጥፋቶች በኋላ መፍትሔውን ስላዘጋጃችሁልኝ ደግሞ ልዩ ምስጋና ይድረሳችሁ። የቀሩትን ሁለት ሳምንታት ትርዒት አቋርጬ በመጪው እሁድ በምእመኑ ፊት ቆሜ የማነበውን የንስሐ ቃል ሳይቀር ጽፋችሁ በቴሌግራም ልካችሁልኛል። «እኔ እህት አይናዲስ በወጣትነት ስሜት ተነድቼ፣ ወላጆቼንም ሳላማክር» ብሎ ይጀምራል። በአምሳ አራት ዓመቴ ወጣት ስላላችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ ወላጆቼን ያላማከርኩት ደግሞ ሁለቱም ካረፉ ከአሥር ዓመት በላይ ስለሆናቸው ነው። ቅጹ ከእኔ በፊት ለየትኛው ልጅ ተዘጋጅቶ እንደነበር አልጠይቅም። ያ ልጅ አሁን እሁድ እሁድ የት እንደሚውል ግን ኮሚቴው ያውቅ እንደሆነ መስማት እወዳለሁ።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ፤ ይህን ደብዳቤ ያለ እሷ አልጽፈውም ነበርና። ሩሓማን ታውቋታላችሁ፤ በሕፃንነቷ የገና ዕለት ጥቅስ በቃሏ ያለች ልጅ ናት። አሁን የኮሌጅ ተማሪ ናት፤ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ካቆመች ሦስት ዓመት አልፏታል፤ ስለእሷና ስለመሰሎቿ «ልጆቻችን ለምን ጠፉ» በሚል ርዕስ ሳንድዊች እየበላን ሦስት ጊዜ ተሰብስበናል። ትርዒቱ በተከፈተ ቀን ለእኔ ስትል መጣች። ወደ ቤት ስንመለስ፣ ሚልፒታስ ላይ፣ ቸርችም እንደዚህ ነው ወይ የምትዘምሪው ብላ በእንግሊዝኛዋ ጠየቀችኝ። እዚያ ይበልጣል አልኳት። እንግዲያው አንድ እሁድ እመጣለሁ አለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ለምኜ ያላገኘሁትን ያን ዕለት አገኘሁ።

የመጣችው ውሳኔያችሁ በተነበበበት እሁድ ነው። ቅዳሜ ዕለት የመዘምራን መሪያችን አብኔር «አይኑዬ፣ ሶሪ፣ ኮሚቴው ኮል አድርጎኝ ነው፣ ነገ ኋላ ተቀመጪ፣ አይ ካንት ዱ ኤኒቲንግ» ብሎኝ ስለነበር፣ ልጄ ስትገባ በሩ አጠገብ፣ የተጣጠፉት ወንበሮች ከተደረደሩበት ጎን አገኘችኝ። «ማሚ፣ ዋይ አር ዩ ባክ ሂር?» አለችኝ፤ ለምን እዚህ ኋላ ሆንሽ ማለቷ ነው። መዝሙሩ ከፍ ብሎ ተነሥቶ እህቶች ላይኛው ድምፅ ላይ ሲደርሱ ማን እንደሚይዘው ጠፋባቸው፤ እኔ ከንፈሬን ነክሼ ተቀመጥኩ፤ ቀጥሎ ማስታወቂያው መጣ። ሩሓማ አማርኛውን አትናገረውም እንጂ ትሰማለች። ወንድም ሚልክያስ ስሜን ሲያነብ እጄን ያዘችኝ፤ እስኪጨርስም አለቀቀችኝም። ቃሉ ሁሉ ገብቷታል፤ ያልገባት ምክንያቱ ነው። መኪና ውስጥም ለምን ብላ ጠየቀችኝ። ተናደድኩ፤ አሁንም እንደተናደድኩ ነው፤ ይህንንም በአክብሮት አሳውቃለሁ።

ስለዚህ ያዘጋጃችሁልኝን የንስሐ ቃል አላነብም። ንስሐ የሚያስገባኝ ብዙ ነገር አለኝ፤ እሱን የሚያውቀው ያውቀዋል፤ ለልጅ መመለስ እልል ማለት ግን ከዚያ ውስጥ የለም። ትርዒቱንም አላቋርጥም። በመጪው እሁድ ጠዋት እንደ ወትሮዬ በሁለተኛው ረድፍ፣ ከግራ ሦስተኛ ሆኜ እቆማለሁ፤ መዝሙሩን እጨርሳለሁ፤ ከዚያም ወደ ሳን ሆዜ እሄዳለሁ። ሩሓማ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ እመጣለሁ ያለችው እሷው ናት፣ እኔ አልለመንኳትም። ልታስወርዱኝ ሥልጣኑ አላችሁ፣ አልከራከርም፤ የምታስወርዱኝ ግን እሷ እያየች ነው። እሷም ለምን ብላ ትጠይቃችኋለች። በፈለጋችሁት ቋንቋ መልሱላት፣ ሁለቱንም ትሰማለች፤ እኔ ግን በመካከል ገብቼ አላስተረጉምላችሁም።

ዕድሜና ጤና፣ ያልተዛባ እንቅልፍና አጭር ስብሰባ እየተመኘሁላችሁ፣ ስለ ነፍሴ የባከነውን ቤንዚናችሁን ሁሉ ጌታ በሰማይ ቤት እንዲሞላላችሁ እየጸለይኩ፣ ከማይለወጥ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ታዛዥ ለመሆን ሃያ አንድ ዓመት የሞከረች እህታችሁ፣
አይናዲስ ኩምሳ
ሳን ሊያንድሮ

ማስታወሻ፦ በደብዳቤያችሁ የመጨረሻ መስመር ላይ የመዘምራን ካባዬን እስከ እሁድ እንድመልስ አዛችኋል። ትእዛዙ ይፈጸማል፤ አጥቤ ተኩሼዋለሁ፤ እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል። እኔም ውስጡ እሆናለሁና ከላዬ ላይ የሚያወልቀው ማን እንደሆነ ኮሚቴው ቀደም ብሎ ድምፅ ቢሰጥበት መልካም ነው።