በጭብጨባ በጀት ያላጸደቁት የወይዘሮ የብርጓል ክንዴ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ የብርጓል ክንዴ ከአባታቸው ከአቶ ክንዴ ዋሴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሥላሴ መኮንን፣ በምሥራቅ ጎጃም ከቁይ ከተማ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በምትርቀው አምባ ኪዳነ ምሕረት፣ ጥር 21 ቀን 1959 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕለቱ የአስተርእዮ ማርያም በዓል ነበር። ታቦት ወጥቶ ሕዝቡ ሜዳው ላይ ሳለ እናታቸውን ምጥ ያዛቸው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘርግተው ከለሏቸውና እዚያው ዋርካ ሥር ተገላገሉ።

አባታቸው ደም የሚያደርቁ የአገር ሽማግሌ ነበሩ። ለሽምግልና ሲሄዱ ልጃቸውን በበቅሎ ኋላ አፈናጥጠው ይወስዷቸው ነበርና፣ ወይዘሮ የብርጓል ገና ፊደል ሳይቆጥሩ የተጣላ ሰው እንዴት እንደሚናገርና እንዴት ዝም እንደሚል አይተው አደጉ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በቁይ፣ የሁለተኛ ደረጃውን ቤት ተከራይተው፣ ስንቅ ከአገር ቤት እየተላከላቸው በደብረ ማርቆስ አጠናቀቁ። ከዚያም በጤና ረዳትነት ሠልጥነው በ1979 ዓ.ም. በአንድ የገጠር ክሊኒክ ሥራ ጀመሩ።

ጊዜው “ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር” የሚባልበት ነበር። ታላቅ ወንድማቸው ገዳሙ በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን እንደሄደ ቀረ፤ እስከ ዛሬም መቃብሩ አይታወቅም። በ1981 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ወታደራዊ መኪና ክሊኒካቸው ደጅ ቆሞ ፋሻውን፣ ግሉኮሱን፣ ደም ማቆሚያውን መርፌ ጭኖ ሄደ። በዚያው ሳምንት አንዲት ወላድ ደም እየፈሰሳት መጣች። ወይዘሮ የብርጓል ከባዶ መደርደሪያ ፊት ቆመው፣ ነጠላቸውን ቀደው ሊያስሩላት ሞከሩ፤ አልተረፈችም። ስለዚያች ሴት ብዙ አይናገሩም ነበር። ብቻ ከዚያ በኋላ ማዋለድን ሙያዬ ብለው ያዙ፤ ትምህርታቸውንም ቀጥለው በአዋላጅ ነርስነት በዲፕሎማ ተመረቁ።

በ1984 ዓ.ም. ከመምህር ሀይለመለኮት አካለ ወልድ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው እንዳላማውንና ሂዊን አፈሩ። በጨሞጋ ማዶ ወረዳ ጤና ጣቢያ በሠሩባቸው ዓመታት በእጃቸው ያልተወለደ ልጅ ያለበት ቤት ጥቂት ነው። ሕዝቡም ስለሚያውቃቸው በ2007 ዓ.ም. ለወረዳው ምክር ቤት መረጣቸው፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ አፈ ጉባኤ ሆኑ።

ወይዘሮ የብርጓል ጦርነት ሲመጣ ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰው አልነበሩም። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወደ ክልላችን ሲገፋ በሶና ዳቦ ቆሎ ያሰባሰቡ፣ ቁስለኛ ሊያክሙ ደብረ ማርቆስ የሰነበቱ፣ በክልሉ ልዩ ኃይል የነበረውን ልጃቸውን እንዳላማውን መርቀው የሸኙ እሳቸው ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ልዩ ኃይሉ ሲበተን እንዳላማው ወደ ቤት አልተመለሰም። ጫካ መግባቱን የሰሙት ከጎረቤት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ ከጽሑፉ አውጡት ያሉን ወዳጆች ነበሩ። መምህር ሀይለመለኮት ግን፣ “እሷ በአደባባይ ያደረገችውን እኛ በለቅሶዋ ላይ የምንደብቀው ምን ብለን ነው?” ስላሉ እንደሆነው ተጽፏል።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የወረዳው አስተዳዳሪ አቶ ዘማርያም አስቸኳይ ጉባኤ ጠሩ። ስልክ ተቋርጦ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ ከየቀበሌው መምጣት የቻሉት ተወካዮች ብቻ በጭቃ ተለውሰው ገቡ። ከአዳራሹ በር ላይ የታጠቁ ሰዎች ቆመዋል። የጸጥታ ኃላፊው ከመድረኩ አጠገብ ሽጉጣቸውን ታጥቀው ተቀምጠዋል። የቀረበው አሳብ አንድ ነበር፤ ምጣቸው ለደረሰ እናቶች ማቆያ ቤት ጣሪያ፣ ለመድኃኒትና ለአምቡላንስ ነዳጅ የተያዘው በጀት ለሚሊሻ መሣሪያና ስንቅ ይዙር የሚል።

“ባለፈው ሳምንት የቀበርናቸው ሚሊሻዎች ጥይት አልቆባቸው ነው የሞቱት” አሉ አቶ ዘማርያም። “ሚስቶቻቸው ቢሮዬ ደጅ ተቀምጠዋል። ምን ብዬ ልመልሳቸው? ከበላይ ደግሞ ውሳኔው ዛሬ ይፈለጋል።”

ይህ ሐሰት አልነበረም። ወይዘሮ የብርጓልም ከሟቾቹ ሚስቶች አብዛኞቹን ያዋለዱ፣ ለቅሶአቸውም ላይ የዋሉ ናቸው። አቶ ዘማርያምም ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ከላይም ከታችም የተያዙ ሰው ነበሩ። ነገር ግን ከኋላ አንድ ሰው “በጭብጨባ ይጽደቅ!” ሲልና ጭብጨባው ሲጀመር፣ ወይዘሮ የብርጓል ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱ።

“ይቁም” አሉ። “በጭብጨባ የሚጸድቅ በጀት የለም። መናገር የሚፈልግ ይናገር፤ ከዚያ እጅ ይወጣል።”

ከተወካዮቹ መካከል ሽበታሙ ቄስ ቢተው ቀስ ብለው ተነሡ።

“እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። መሣሪያው ሲገዛ አፈሙዙ ወደ ማን ነው የሚዞረው? ጫካ ያሉት እኮ ቁርባን ያቀበልኋቸው ልጆች ናቸው።”

አቶ ዘማርያም ፊታቸውን ወደ መድረኩ አዙረው፣ “ይህ ጥያቄ ለአፈ ጉባኤዋም የሚመች አይመስለኝም። የእርስዎ ልጅ የት እንዳለ እዚህ የማያውቅ የለም” አሉ።

ወይዘሮ የብርጓል ያን ጊዜ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዘው እንደቆሙ ኋላ ለልጃቸው ለሂዊ ነግረዋታል። ድምፃቸው ግን አልተለወጠም።

“እውነት ነው፤ ታውቃላችሁ። ስለዚህ እኔ በዚህ ጉዳይ ድምፅ አልሰጥም። መድረኩን ግን እመራለሁ። የሞቱብን ልጆቻችን ናቸው፤ የሚያማጡትም ልጆቻችን ናቸው። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ።”

ጥቂት እጆች ወጡ። “የምትቃወሙ” ሲሉ መጀመሪያ ቄስ ቢተው፣ ቀጥሎ አንዲት የገጠር ሴት፣ ከዚያ ሌላው፣ ሌላው እያለ የወጣው እጅ በዛ። የጸጥታ ኃላፊው አዳራሹን ለቅቀው ወጡ። ወይዘሮ የብርጓልም ውሳኔውን አንብበው ጉባኤውን ዘጉ።

ያ ውሳኔ ዕድሜ አልነበረውም። ብዙም ሳይቆይ እሳቸው ባልተጠሩበት ሌላ ስብሰባ ከአፈ ጉባኤነት ተነሡ፤ በጀቱም ወደተፈለገበት ዞረ። መሻራቸውን የሰሙት በከተማው በሚዞር የድምፅ ማጉያ መኪና ነው። በማግስቱ ጧት ደግሞ “የጽንፈኛ እናት” ተብለው ተያዙ። ከሌሎች ሴቶች ጋር የታሰሩት በአንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። እዚያ ካሰች የምትባል እስረኛ ምጥ ያዛት። ወይዘሮ የብርጓል በሩን ደብድበው ጠባቂውን ጠሩ፤ “ውኃ አፍላልኝ፤ አዲስ ምላጭ አምጣልኝ፤ ከዚያ ፊትህን አዙር” አሉት። ጠባቂው ያዘዙትን ሁሉ አደረገ። ሕፃኗ በደኅና ተወለደች፤ እናቷም ሶልያና አለቻት።

በ2016 ዓ.ም. የበልግ ዝናብ ሲጀምር ተፈትተው ልጃቸው ሂዊ መድኃኒት ቤት ወደከፈተችበት ወደ ሉማሜ ሄዱ። ሥራቸውን ቢያጡም ሴቶች እየጠየቁ ስለመጡባቸው እጃቸው ቦዝኖ አያውቅም።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ የአውቶቡስ ተሳፋሪ በሞላበት ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ጢሙን ያሳደገ ሰው ከፊታቸው ተቀመጠ። እንዳላማው ነበር። ከውጭ የሚጠብቀው ሌላ ሰው እንዳለ አይተዋል። ሊያቅፉት ፈልገው፣ ሰው እንዳያስተውል እጃቸውን ብርጭቆው ላይ አጽንተው ያዙ።

“ከስተሃል” አሉት።

“ተልኬ ነው የመጣሁት፣ እማ። ሁለቱ መሪዎቻችን በተማረከው መሣሪያ ተጣልተዋል። ማን ይያዘው፣ ማን ያዝዝበት በሚል አንዱ አንዱን አያምንም። ለጥይት መግዣ ከሕዝብ በሚሰበሰበውም ገንዘብ እንዲሁ። ሁለቱም ያመኑት ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። ለመንግሥት እምቢ ያለች ሴት ገንዘባችንን ትያዝልን ብለዋል።”

“ከየትኛው ሕዝብ ነው የሚሰበሰበው?”

“ከገበሬው” አለ እንዳላማው።

“ግብሩን ለመንግሥት ከከፈለው ገበሬ ነው?” አሉት ቀስ ብለው። “የማቆያውን ቤት ጣሪያ ለእነሱ ጥይት አልሰጠሁም። እዚያ ልትሰነብት የነበረችው ወላድ ባሏ እህል ሸጦ ያገኘውን ለእናንተ ጥይት ልሰበስብ ነው? አይሆንም፣ ልጄ።”

“ባዶ እጄን ብመለስ፣ አንዱ ‘ለዚያኛው ወገን ብለህ እናትህን አስቀረሃት’ ይለኛል። ምን እንደሚከተል ታውቂያለሽ።”

ወይዘሮ የብርጓል ያውቁ ነበር። ከዚያም ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።

“እንግዲያው እምቢታዬን አንተ አትሸከመውም። እኔው ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ” አሉት።

ሂዊ እያለቀሰች ለመነቻቸው፤ በወረዳው የቀሩት መምህር ሀይለመለኮትም በስልክ “አንቺን ካጣሁ ምን እሆናለሁ?” አሏቸው። “ልጅህን ካጣህስ?” ብለው መለሱላቸው። ከእንዳላማው ጋር መኪና እስከሚገባበት በመኪና ሄደው፣ ቀሪውን በእግራቸው ሄደው፣ ማስተማር ካቆመ አንድ ትምህርት ቤት ጀርባ ካለ ባሕር ዛፍ ሥር ሁለቱን መሪዎች አገኟቸው። ሁለቱም ጠባቂዎቻቸውን ይዘው ተራርቀው ነው የተቀመጡት። ወይዘሮ የብርጓል የአባታቸውን ሽምግልና ያዩ ናቸውና በሁለቱ መካከል፣ ለማንኛቸውም ሳይቀርቡ ቆሙ።

“ልጄ የላካችሁትን መልእክት ሳያጎድል አድርሷል። እምቢ ያልሁት እኔ ነኝ። ቂም የያዘ ካለ ከእኔ ይያዝ” አሉ።

ሸምገል ያሉት መሪ፣ “ለመንግሥትስ እንዲህ ብለው ነበር?” ሲሉ ጠየቋቸው።

“ብያለሁ። አስሮኛል።”

ወጣቱ መሪ ጠመንጃውን ከጭኑ ወደ ትከሻው አዛወረ። “እኛ የምንታገለው ለእናንተው ነው። ያለ ጥይት በምን እንታገል?”

“አስተዳዳሪውም ሚሊሻ በምን ይዋጋ ብሎኛል። ሁላችሁም የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ እኔ መልሱ የለኝም። እኔ ያለኝ የምታምጥ ሴት ናት። ነጭ ጨርቅ ያሰረ ባጃጅ ወላድ ጭኖ ሲመጣ መንገድ ልቀቁ። ገንዘባችሁን አልይዝም፤ ይህን ግን እለምናችኋለሁ።”

ሁለቱ መሪዎች ተያዩ። ከተጣሉ ወዲህ ሁለቱ በአንድ ነገር የተስማሙት በዚህ ብቻ እንደሆነ ኋላ ተሰምቷል። ወይዘሮ የብርጓል ግን “ና፣ እንሂድ” ብለው የልጃቸውን እጅ ሲይዙ፣ ወጣቱ መሪ “እሱ ይቆያል” አለ። እንዳላማውም፣ “ሂጂ እማ፣ ደኅና ነኝ” አላቸው። ሳያለቅሱ ተመለሱ። ሉማሜ ሲደርሱ ግን ከሂዊ መድኃኒት ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጠው መነሣት አቃታቸው።

ያንኑ ልመና በመንግሥት በኩል ላሉት የኬላ አዛዦች አቅርበው፣ ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ፈቃድ አገኙ። በሁለቱም ወገን አንዳንድ ጊዜ ተከብሯል፤ አንዳንድ ጊዜ ተጥሷል። በተከበረባቸው ቀናት ነጭ ጨርቅ ባሰረ ባጃጅ ደብረ ማርቆስ ደርሰው የተገላገሉ እናቶች ዛሬ ልጆቻቸውን አዝለው በዚህ ለቅሶ ላይ ቆመዋል።

ወይዘሮ የብርጓል ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተዋል። መንገድ ሲከፈት ወደ ሕክምና እየሄዱ፣ ሲዘጋ በጸሎትና በትዕግሥት እየጠበቁ ኖሩ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነበር፤ ከእንዳላማው የተሰማ ነገር መኖሩንና መንገዱ ክፍት መሆኑን። ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል፣ ባለቤታቸውና ሴት ልጃቸው አጠገባቸው እያሉ በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ወይዘሮ የብርጓል የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ልጅ እናት፣ የአንዲት የልጅ ልጅ፣ የሕፃን ዜማ አያት ነበሩ። ባለቤታቸው መምህር ሀይለመለኮት፣ ልጃቸው ሂዊ፣ ታናሽ እኅታቸው ወይዘሮ ሀይማኖትና ይህን የጻፍሁት ታናሽ ወንድማቸው በኀዘን ቀርተናል። ልጃቸው እንዳላማው በሕይወት አለ። ዛሬ ከለቀስተኛው መካከል ይኑር አይኑር ግን ማንም እንዳይጠይቅ፣ አጠገቡ ፊቱን ሸፍኖ የሚያለቅስ ሰው ያየም እንዲያለቅስ ዝም ብሎ እንዲተወው ቤተሰቡ ከሁላችሁም እግር ሥር ወድቆ ይለምናል።

የአብርሃም አምላክ የእኅታችንን ነፍስ ምጥና ኀዘን በሌለበት በቅዱሳኑ ዕረፍት ያኑርልን፤ ለቀረነውም እርቅን ያውርድልን። አሜን።