ወንዙ መሐል የቀረው አባትህ

ይድረስ ለልጄ ለዳኛው፤ ባሕር ማዶ ባለህበት መድኃኔ ዓለም ከለላ ይሁንህ። እኛ አዲ አርቃይ ደኅና ነን፤ እኅትህ አበቡም ሸጋ ወንድ ልጅ ተገላግላለች።

አባትህ ፈረንጆችን በጫካው እየመራ ወንዝ ማውረድ ከጀመረ ወዲህ ግን እረፍት የለኝም። ባለፈው ሰሞን ስንቃቸውን በበቅሎ ጭኜ አብሬ ወረድኩ። እነሱ ሲዋኙ ደጋው ላይ ዘነበ፤ እኛ ዘንድ ጠብ አላለም። ውኃው ድንገት ደፍርሶ መጣ። ሌሎቹ ሲወጡ አንዲቱ ሴት መሐል ወንዝ ካለው ቋጥኝ ላይ ቀረች። አባትህ ውኃው ከጉልበቱ ሳያልፍ ሊያወጣት ገብቶ እሱም እዚያው ተከበበ።

ሴትዮዋ ልዋኝ ብላ ስትነሣ መቀነቱን ፈትቶ ከወገቡ ጋር አሰራት። «ብትገቢ እኔንም ይዘሽኝ ነው» አላት። ቋንቋውን ባትሰማም ተቀመጠች። እኔ ዳር ቆሜ ስሙን ከመጥራት በቀር ምንም አልሆነልኝ። አመሻሽ ላይ ውኃው ሲጎድል በበቅሎዎቹ የጭነት ጠፍር ጎትተን አወጣናቸው።

ከእንግዲህ ይበቃዋል ብዬ ነበር። ዛሬ ደግሞ የአውራጃችን ገዥ ሌሎች ፈረንጆች ላከበት።

«ምነው፣ ዋና እንደማትችል ብትነግራቸው?» አልኩት።

«የገዥን እንግዳ ምን ብዬ ልመልስ?» አለኝ። ሂድም ቅርም ማለት አቃተኝ።

እባክህ ልጄ፣ ወንዙ ውስጥ እንዳይገባ፣ ዳር ሆኖ እንዲጠብቃቸው ጻፍለት። ከእኔ ሲሰማው ፍርሃት ይለዋል፤ ካንተ ሲመጣ ግን የተማረ ሰው ምክር ይሆናል። እኔ እንደነገርኩህ አታንሣበት።

ዓይንህን ሳላይ አይግደለኝ።

እናትህ ባንቺአየሁ