ስብ የሌላት ወፍ

ቅዳሜ፣ መስከረም 24 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ አትላንታ

ቤታቸውን የማጸዳላቸው ሚስ ሩት የወፍ መጽሐፋቸውን ፊደል እየቆጠርኩ ሳነብ ስላዩኝ፣ ዛሬ ጠዋት ወፍ ወደሚይዙበት ጫካ ወሰዱኝ። ከሰሜን ጫካዎች ወደ ደቡብ የሚያልፉትን ትንንሽ ወፎች በቀጭን መረብ ይይዙና የት እንደሚደርሱ ለማወቅ እግራቸው ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት ያደርጉላቸዋል። ከዚያ ሆዳቸው ላይ እፍ ብለው ላባውን ይገልጣሉ። ከቆዳቸው ሥር ቢጫ ስብ ከታየ ለመንገድ ስንቅ ይዘዋል ማለት ነው።

አንዷ ምንም አልነበራትም። ሚስ ሩት መዳፌ ላይ አስቀመጧትና «ልቀቂያት፣ የኔ ማር» አሉኝ።

«ስብ የላትም እኮ። ሁለት ቀን አብልተን ብንለቃትስ?»

«መያዙ ነው የሚጎዳት። መቼ እንደምትሄድ እሷ ታውቃለች።»

ለቀቅኳት።

ባለቤቴ ወደ ሱዳን ለመሸሽ ስንነሳ «ሦስት ቀን ልረፍ» ብሎኝ ነበር። የጎድን አጥንቱ ሲቆጠር እያየሁ «ደህና ነህ፣ ተነሥ» ያልኩት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ቀረ። ብንቆይ ወታደሮቹ ይይዙን ነበር እያልኩ እስካሁን ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን መቼ መሄድ እንዳለበት እሱም ያውቅ ነበር ወይ እላለሁ።

ሚስ ሩት ለሚቀጥለው ቅዳሜም ቀጠሩኝ። እሺ አልኩ። ሌላ ከሲታ ወፍ ቢሰጡኝ እጄን እከፍት እንደሆነ ግን አላውቅም።