ሰው ያለበት ሥዕል

ይድረስ ለወንድምዓለሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህስ? የልጆቹ ሳልስ ተሻላቸው? ቤትህ ሁለት ሰፈር አልፎ ሆኖ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምህ ይሆናል። ፊትህን እያየሁ መናገር ስላቃተኝ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ባር ባር ሲለኝ ሰነበተ፤ ፈርቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተማሪዎች ስለ አካባቢ ያላቸውን ግንዛቤ መዝናችሁ ሪፖርት አቅርቡ ብሎ ትምህርት ቢሮ አዘዘንና የዘጠነኛ ክፍል ልጆቼን ሥዕል አዘዝኳቸው። ማረሚያውም አብሮ ተልኳል፤ ለዛፍ ሁለት ነጥብ፣ ለወንዝ ሁለት፣ ለዱር እንስሳ ሁለት። ሠላሳ ስምንት ልጆች በዓይናቸው አይተውት የማያውቁትን አንበሳ ሣሉልኝ። በአንዱም ወረቀት ላይ ሰው የለም። አንዷ ብቻ የጉድጓድ ውሃ የምትቀዳ ሴት፣ ከኋላዋ ደግሞ ቱቦውን ጉድጓዱ አጠገብ ወዳለው ቦይ የለቀቀ ቦቴ መኪና ሣለች። እኔም በማረሚያው መሠረት ዜሮ ሰጥቼ፣ በቀይ እስክሪብቶ ከርዕስ ወጥተሻል ብዬ ጻፍኩባት። መምህር ነኝ ባይ!

ልጅቷ ወረቀቷን ይዛ መጣች። ሴትዮዋ እናቷ እንደሆነች፣ ቦቴው እሁድ ረፋድ ላይ መንገዱ ጭር ሲል እየመጣ ፍሳሽ እንደሚደፋ፣ ከዚያ ወዲህ የእናቷ እጅ እየተላጠ፣ ትንሿ እህቷንም ሆዷን እያመማት እንደሆነ ነገረችኝ። በመጨረሻ “ቲቸር፣ አካባቢው ውስጥ እኛ የለንበትም እንዴ?” አለችኝ።

ሥዕሉን ደህና አድርጌ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ቦቴው ነጭ ነው፤ የሾፌሩ በር ግን አረንጓዴ። ከተጋጨህ በኋላ ከሌላ መኪና ተፈትቶ የተገጠመልህ በር። በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ቦቴ ስንት እንዳለ አንተ ታውቃለህ። የፋብሪካውን ዝቃጭ ከከተማ ውጭ ወስጄ ነው የምደፋው ብለኸኝ፣ አምኜ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ።

አልዋሽህም፤ በሩን ነጭ ላደርገው ላጲስ አንስቼ ነበር። ተማሪ ሲኮርጅ ጆሮ የምቆነጥጠው እኔ! ላጲሱን መልሼ አስቀመጥኩት፤ ከሁሉም በላይ ራሴን ፈራሁ።

ትናንት ዜሮውን ሰርዤ ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት፤ ሥዕሉንም ለርዕሰ መምህሩ ወሰድኩት። ውሃው እንዲመረመር አመለክታለሁ አሉ። ቀጥለው መኪናውን አውቀው እንደሆነ ጠየቁኝ። እስከ ሰኞ ላስብበት ብዬ ወጣሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ፤ እኔ ሲጠራ ማየቱን ፈራሁ። ልጆችህ ፊቴ ላይ ድቅን ይላሉ፤ የዚያች ሴት እጅም እንዲሁ።

ሰኞ ጠዋት እጠየቃለሁ። ትዋሽልኛለች ብለህ ተስፋ አታድርግ። እባክህ፣ ራስህ ሄደህ ተናገርና ቅደመኝ።

ፈጣሪ ልብ ይስጥህ፤ ቤትህንም ይጠብቅልህ።

አዝላ ያሳደገችህ እህትህ